ከኋላ ለሚመጣው

ዳኘው ጠዋት ከአልጋው ሲወርድ፣ ገና ፊቱን ሳይታጠብ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለችውን የልጁን ሳይክል ጎማዎች በአውራ ጣቱ ጫን ጫን ያደርጋል። መጀመሪያ የፊቱን፣ ቀጥሎ የኋላውን። ጣቱ ወደ ውስጥ ከሰመጠ መንፊያውን ከአልጋው ሥር ይስባል፤ ካልሰመጠ ኮርቻዋን በመዳፉ መታ አድርጎ ወደ ጓሮ ይወጣል። ሳይክሏ ከተሰቀለች ወዲህ መሬት አልነካችም። የሚነዳት የለም፤ ልንዳት ብሎ የጠየቀም የለም።

«ይኼን ያህል የእኔን ትኩሳት ብትለካልኝ ምናለ?» ትለዋለች ሚስቱ እናትዓለም ከማድቤቱ ደጃፍ ሆና።

«አንቺ ሲያምሽ ትናገሪያለሽ። ጎማ አይናገርም። ነፋሱ ጎድሎ ከቆመ በታጠፈበት ይሰነጠቃል።»

«ይሰንጠቃ! ማን ሊሄድበት ነው?»

ሳይክሏ የፀደንያ ናት፤ ፀደንያ ደግሞ ሐዋሳ ናት። ያለቻቸው እሷ ብቻ ናት። አባትና ልጅ ጣናን በሳይክል አብረው ሊዞሩ ቃል ነበራቸው፤ ሳይሆን ቀረ። የዳኘው ኑሮ ለሚያየው ሰው ብዙ ነገር ያለበት ይመስላል፤ ፋብሪካ፣ ሠርግ፣ ልጅ፣ የጥገና ሥራ። እሱ ሲያወራው ግን ሁሉም ወይ ወደዚያ ዙር ይወስዳል፣ ወይ ከዚያ ዙር ይመልሳል።

የተወለደው ዘጌ ነው። ዘጌ ሐይቁ ውስጥ ገባ ያለ መሬት ነው፤ ከውኃው ዳር እስከ ኮረብታው ራስ ደን ነው። በጥንቱ ሥርዓት አይታረስም፤ በሬም፣ ፈረስም፣ አህያም አይገባበትም። ሰዉ ከዛፍ ጥላ ሥር በሚለቅመው ቡናና በጌሾ ይኖራል፤ ሸክሙን የሚሸከመው የራሱ ትከሻ ነው። የዳኘው አባት መሪጌታ ወልደ ጻድቅ ድጓ ያስተምሩ ነበር። እሱ ገና ልጅ ሳለ አጎቱ ከባሕር ዳር አንድ አሮጌ ሳይክል በጀልባ ጭኖ መጣና ወደቡ ላይ ክርክር ተነሣ።

«ይኼ ነገር ዕቃ ነው ወይስ ከብት?» አሉ አንድ ሽማግሌ ቄስ።

«ዕቃ ነው እንጂ፣ አባ!»

«ሰው ይቀመጥበት የለም? የሚቀመጡበትና የሚሄድ ነገር ከብት ነው።»

መሪጌታ ወልደ ጻድቅ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቀረቡ። «አባቶቼ፣ አበው የከለከሉት ኮቴ ነው። ኮቴውን የሚያሳየኝ ካለ እኔው ራሴ ሐይቁ ውስጥ እወረውረዋለሁ።»

ቄሱ ጎንበስ ብለው ሁለቱንም ጎማ ከሥር አዩ፤ ዳሰሱም። «እውነት ነው፣ ኮቴ የለውም» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞሩ። «ሣር ሲግጥ ያየሁት ዕለት ግን ሁለታችሁንም አልምራችሁ!»

የዘጌ መንገድ የዛፍ ሥር የተጠላለፈበት ነው። ዓይኑን ከመሬት ያነሣ ጋላቢ አፍንጫውን ይሰብራል። ዳኘው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ዓይኑ መሬት ይለቅማል። አድጎ ባሕር ዳር ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ሲቀጠርም ሽመናውን የተማረው በዚሁ ዓይን ነው፤ የተበጠሰች ክር ከሩቅ ትታየው ነበር።

ፋብሪካ ውስጥ ክንዱ ከሚባል ሠራተኛ ጋር ተገናኘ። ክንዱ ረጅም፣ ከንፈሩ ለቀልድ የተሠራ የማክሰኝት ሰው ነው። ሁለቱም ከሥራ ሲወጡ ሌላው ወደ ቤቱ ሲገባ እነሱ ኮርሳቸውን፣ ያን መሪው ወደ ታች የተቆለመመ የእሽቅድምድም ሳይክል ይዘው የአባይን ድልድይ ይሻገራሉ። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ፣ ጎማ ለጎማ ሊነካካ ምንም ሳይቀረው።

እንዲህ አብሮ የሚነዳ ሰው ሁለት ነገር ይካፈላል፤ ነፋሱንና ጉድጓዱን። የፊተኛው ነፋሱን በደረቱ ይሰብራል፤ የኋለኛው በጥላው ያርፋል። ነገር ግን የኋለኛው ከፊት ካለው ጀርባ በቀር የሚያየው የለም። ስለዚህ የፊተኛው ጉድጓድ ሲያይ ግራ እጁን ከመሪው ያላቅቅና ከዳሌው ኋላ ዝቅ አድርጎ በጣቱ ይጠቁማል። አፍ አይከፈትም፤ ቃሉን ነፋስ ይወስደዋል። ሕጉ አንድ ነው፦ የኋለኛው ጉድጓዱን እስኪያልፍ ድረስ እጅ አይነሣም። እጁን ቀድሞ ያነሣ ሰው ባልንጀራውን ጥሏል።

«ሚስቴ ስትጣራ አልሰማም» ይል ነበር ክንዱ፣ «የዳኘው ጣት ከተነቃነቀች ግን ተኝቼም ቢሆን እታጠፋለሁ።»

ጣናን የዞሩት ሁለቱ ነበሩ። ጉልበታቸው ገና ጉልበት ሳለ፣ ፈቃድ ወስደው፣ በቀኝ ወጥተው በግራ ተመለሱ። ዘንዘልማ፣ ሐሙሲት፣ የጉማራ ድልድይ፣ ወረታ፣ አዲስ ዘመን፣ ትንፋሽ የሚያስጨርሰው ዳገት፣ እንፍራዝ፣ ማክሰኝት፣ አዘዞ። ከአዘዞ ወደ ጎርጎራ ታጥፈው ሐይቁን ከማዶ አዩት። ከዚያ ጠጠሩ መጣ፤ ደልጊ፣ ቁንዝላ፤ ክንዱ በየዳገቱ የዳኘውን ዘር ማንዘር እየረገመ፤ በመጨረሻ የዘጌ ደን እንደ ጥቁር ደመና ከፊታቸው ብቅ አለ። ዳኘው በሕይወቱ ያደረገው ትልቅ ነገር ምንድን ነው ቢባል ይህንን ይናገራል። እናትዓለም እንኳ ከሠርጋቸው በፊት እንደሚያስቀድመው ታውቃለች።

ፀደንያ ስትወለድ ዳኘው ተረት የማያውቅ አባት ነበር። ልጅቱን ሲያስተኛት የሚነግራት መንገዱን ነው።

«ከዚያ ጉማራን ተሻገርን...»

«አዞ አለ?»

«የለም። ጉማሬ አለ ይላሉ፤ እኛ ስናልፍ ተኝቶ ነበር።»

«ማክሰኝት ላይ ምን በላችሁ?»

«የሽንብራ እሸት። የክንዱ እናት በሳፋ ሙሉ አቀረቡልን።»

«እኔን መቼ ትወስደኛለህ?»

«እግርሽ ፔዳሉን ሞልቶ ሲረግጥ።»

እግሯ ፔዳሉን ሞልቶ ረገጠ። ዳኘው ያን ጊዜ «ስምንተኛ ክፍልን እለፊ» አለ። አለፈች። «ማትሪክ ይለቅ» አለ። አለቀ። ዩኒቨርሲቲ ገባች። በመካከሉ ከዚህም ከዚያም ዕቃ እየለቀመ፣ አንዷን ቸርኬ ከክንዱ አሮጌ ኮርሳ ነቅሎ፣ ይህችን ሳይክል ገጣጠመላት። ቀለሟን የመረጠችው እሷ ናት፤ የእንሶስላ ቀለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ዘንዘልማ ድረስ ትከተለው ነበር። ጣቱን ማንበብ ተማረች፤ ከክንዱ ይልቅ ቀልጣፋ ወጣች። ዳኘው ግን ዙሩን ማዘግየቱን አልፈራም። ሐይቁ የት ይሄዳል? መንገዱስ የት ይሄዳል?

ከዚያ መንገድ ይዘጋ ጀመር። መጀመሪያ ጎንደር ድረስ አይኬድም ተባለ። ቀጥሎ ወረታ ላይ ቆመ፤ ቀጥሎ ሐሙሲት። በደቡብም ሰባታሚትን አልፎ የሚሄድ ጠፋ። አንድ ሰሞን ይከፈታል፤ ሰው እፎይ ብሎ ሻንጣውን ሲያነሣ ደግሞ ይዘጋል። በከተማው ሰው ከሰው ሲገናኝ «እንዴት አደርህ?» ብሎ አፉን ሳይዘጋ «መንገዱስ?» ማለት ለመደ። ዳኘው በልቡ የያዘው ያ ረጅም ዙር እንደ ታጠበ ሱፍ እያጠረ፣ እያጠረ መጥቶ ለአባትና ለልጅ የቀረላቸው ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን እስከ አባይ ድልድይ፣ ከድልድዩ እስከ ጊዮርጊስ፣ በዘንባባዎቹ ሥር ነበር።

ያን ጊዜ ዳኘው ከፋብሪካ ወጥቶ ሐይቁ ዳር ካለ ዋርካ ሥር ሳይክል ይጠግናል። ክንዱ ከአጠገቡ በርጩማ ላይ ይቀመጣል፤ የስኳር በሽታ ሁለት የእግር ጣቶቹን ወስዶበታል፤ ምላሱን ግን አልነካበትም። ፀደንያ እየተመላለሰች ስታልፍ ይጠራታል።

«ኧረ ፀዲ! ታቦት እንኳ በንግሥ ሦስት ጊዜ ዞሮ ይገባል። አንቺ ጊዮርጊስን ስንት ዞርሽው?»

«ጋሽ ክንዱ፣ እርስዎ ይምጡና ነፋስ ይስበሩልኛ!»

«እኔ? እኔ የምሰብረው የቀረኝ ወንበር ብቻ ነው።»

በተመረቀች በዓመቱ ከሐዋሳ ሥራ ተገኘላት። ለቤቱ ደስታ መሆን ነበረበት፤ ሆነም። እናትዓለም እልል አለች። ዳኘው ግን ያን ዕለት ያጠበቀውን ብሎን መልሶ ሲያላላ፣ ያላላውን ሲያጠብቅ ዋለ። ልጁ ስትሄድ ዙሩም አብሮ እንደሚሄድ ገባው። ለራሷ ነገራት፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ተናግሮ አያውቅም።

«ፀዲ፣ ጣናን ሳላሳይሽ ልትሄጂ ነው።»

«ዙሩ ይቅር አባዬ። ጫፉን ብቻ አስነካኝ። ዘጌ ድረስ።»

«የዘጌስ መንገድ መች ይታመናል?»

«አንተ እኮ ነህ ‹በንግሥ ቀን ሰው ሰውን አያስቆምም› የምትለው።»

ብሎ ያውቃል። የካቲት ኪዳነ ምሕረት ደርሳ ነበር፤ ዘጌ ላይ ትነግሣለች። ተሳላሚው የሚሄደው በጀልባ ነው፤ በእግር የሚጓዝም አይጠፋም። ዳኘው በልጅነቱ በዚያ ቀን የተጣላ ሲታረቅ እንጂ ሲጣላ አላየም። እናትዓለም «ተዉ፣ በጀልባ ሂዱ» ብላ ለመነች። በጀልባ መሄድማ መንዳት አይደለም።

ማልደው ወጡ። ብርሃኑ ከሐይቁ ላይ ገና እየተነሣ ነበር። ዳኘው ከፊት፣ ፀደንያ ከኋላ። የሳይክሏን ካቴና ድምፅ ይሰማዋል፤ አጥብቆ ዘይት ቀብቶት ስለ ነበር ከሹክሹክታ አይበልጥም። ነፋሱ ከውኃው በኩል ይመጣል፤ እሱ ይሰብረዋል፤ እሷ ታርፋለች። አልፎ አልፎ ግራ እጁ ወደ ኋላ ይወርዳል፤ ሹክሹክታው ወደ ቀኝ ይሸሻል፣ ተመልሶ ይመጣል። ቆይቶ ሲያወራው «የዚያን ጊዜ ዙሩን የጀመርነው መሰለኝ» ይላል። «ከጫፉ ሳይሆን ከመካከሉ። ማክሰኝት ከፊቴ ያለች መሰለኝ።»

አንድ ጠማማ ሲያልፉ በሁለት ድንጋይ መካከል የተወጠረ ገመድ አየ። ከገመዱ ኋላ ጠመንጃ የያዘ ወጣት ቆሟል። ከገመዱ ወዲህ ደግሞ አስፋልቱ ተቦርቡሮ ጉድጓድ ሆኗል። የዳኘው ዓይን በመጀመሪያ ያየው ገመዱን አይደለም፤ ጠመንጃውንም አይደለም። ጉድጓዱን ነው። እጁም እንደ ልማዱ ወደ ኋላው ወረደ።

«እጅህን! እጅህን ወደ ላይ!»

ሰማ። ሰምቶም አላነሣም። ፀደንያ ገና አላለፈችም ነበር።

«እጅህን አውጣ ብያለሁ!» ጠመንጃው ሲቀባበል ድምፁ በጠዋቱ አየር ጥርት ብሎ ተሰማ። ፀደንያ ከአባቷ ጀርባ ቀና ብላ አፈሙዙን አየች፤ ጮኸች፤ መሪውን ለቀቀች። ጎማው ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ወደቀች።

ያን ጊዜ ዳኘው ሁለት እጁን አነሣ። ሳይክሉ ከሥሩ ተንሸራትቶ ሄደ።

ወጣቱ እየሮጠ መጣ። «ምንድን ነው የያዝኸው? ከኋላህ ምን ነበር?»

«ጉድጓድ» አለ ዳኘው።

«ምን?»

«ጉድጓድ እየጠቆምሁላት ነው። ለልጄ። ከኋላዬ ናት።»

ወጣቱ ጉድጓዱን አየ። ጉልበቷን ይዛ አስፋልቱ ላይ የተቀመጠችውን አየ፤ ደሙ በካልሲዋ እየወረደ ነው። ጠመንጃውን ወደ መሬት አዞረ። ሲናገር ድምፁ ሌላ ነበር።

«አባቴ፣ ልገድልዎት ነበር እኮ። ጣቴን ቃታው ውስጥ አስገብቼ ነበር።»

ዳኘው የልጁን ሳይክል ከጉድጓዱ አወጣ።

«እኔም አባት አለኝ። ይመለሱ። በኪዳነ ምሕረት፣ ልጅዎትን ይዘው ይመለሱ።»

ሳይክሎቹን እየገፉ በእግራቸው ተመለሱ። ከጀልባዎቹ የሚመጣው የተሳላሚዎች መዝሙር በውኃው ላይ ይሰማ ነበር። ከተማው ሊደርሱ ሲሉ ፀደንያ ቆመች።

«እጅህን ለምን አላነሣህም፣ አባዬ?»

«አንቺ አላለፍሽማ።»

ከዚያ በኋላ ማልቀስ ጀመረች። ቤት እስኪደርሱ አላቆመችም። ደርሳም ጉልበቷን እንኳ ሳትታጠብ ሚስማር መትታ ሳይክሏን ግድግዳው ላይ ሰቀለቻት። እናትዓለም የሆነውን ስትሰማ ባሏን አልተቆጣችውም፤ ለዳኘው ከቁጣ የከፋው ይህ ነበር። ክንዱም ዋርካው ሥር ታሪኩን ሰምቶ «እኔ ከኋላህ ብሆን ኖሮ እኮ...» ብሎ ቀልድ ጀመረና አልጨረሰውም።

ፀደንያ በአውሮፕላን ሄደች። በምድር የሚያደርስ አልነበረም። ዳኘው እስከ አየር ማረፊያው በር ሸኝቷት፣ ወደ ዋርካው ተመልሶ፣ አውሮፕላኑ በላዩ ሲያልፍ የአንድ ሰው ፍሬን እያሰረ ነበር። አላየውም፤ ሰማው እንጂ። ማታ ደወለች።

«አባዬ፣ ጣናን ዞርኩት።»

«እንዴት አድርገሽ?»

«ስንነሣ ከመስኮቱ ሙሉውን አየሁት። ዘጌን አየሁ። ወዲያ ማዶው ጎርጎራ ይሁን አይሁን አላውቅም። አውሮፕላኑ ዘንበል ሲል አለቀ።»

«ነፋሱስ?» አላት ዳኘው።

«ነፋስ የለውም፣ አባዬ። መስኮቱ አይከፈትም።»

ቀጥላ ሐዋሳም ሐይቅ እንዳለ ነገረችው፤ ዳሩ ዳሩን ሰው ሳይክል ይነዳል።

«ኩሬ ነው» አለ ዳኘው። «ታዲያ ሳይክሏን የምልክበት ልፈልግ?»

«አይሆንም። ለሰው ስጣት። እኔ ከእንግዲህ ከፊቴ ያለ ሰው እጁን ወደ ኋላ ሲልክ ማየት አልችልም።»

«እሺ» አላት። አልሰጣትም።

አሁንም ዋርካው ሥር ነው። ቤንዚን ሲጠፋ ሳይክል ይበዛል፤ ሥራ አላጣም። የሚጠግናቸው ሳይክሎች ሁሉ ከጊዮርጊስ ድልድይ፣ ከድልድይ ጊዮርጊስ ይላሉ። ሰዎች «ይከፈታል፣ ቀን ያልፋል» ሲሉ ይሰማል፤ አይቃወማቸውም፣ አሜንም አይልም። ቢከፈት ምን ያደርግለታል? የግራ ጉልበቱ ከወንበር ሲነሣ ይጮኻል። ክንዱ ሦስተኛ ጣቱን ሊያስቆርጥ ተራ ይጠብቃል። ፀደንያ ለበዓል መጥታ ሄዳለች፤ ሳይክሏ በተሰቀለችበት ክፍል ተኛች፤ ፊቷን ወደ ሌላው ግድግዳ አዙራ። ጠዋት አባቷ በጣቶቹ እየተራመደ ገብቶ ጎማዎቹን ጫን ጫን ሲያደርግ ነቅታ ነበር። ዓይኗን አልገለጠችም። እሱም እንደ ነቃች ያውቃል።

ዳኘው ይህን ሁሉ ታሪኩን ለምትጽፍለት የሰፈር ልጅ ሲያወራ አልተቆጠበም። ኬላውን አወራ፤ የልጁን እንባ አወራ። አመሻሽ ላይ፣ የልጁ ሳይክል በተሰቀለችበት ክፍል፣ የራሱን ሳይክል የኋላ ጎማ በሁለት እንጨት ከመሬት አንሥቶ እንደሚያቆም፣ ወጥቶ ተቀምጦ ባለበት እንደሚነዳ፣ ስለ ጉልበቴ ነው እያለ የከተሞቹን ስም በየተራ እንደሚጠራ፣ እናትዓለምም ከማድቤት «ዛሬስ የት ደረስህ? ወረታ ደርሰህ ከሆነ ሩዝ ይዘህልኝ ና» እያለች እንደምትቀልድበት፣ ይህንንም ራሱ እየሳቀ ተናገረ፤ ይጻፍ አለ። አንዲት ነገር ብቻ ካመለጠችው በኋላ ለጻፈችለት ልጅ «ይህችን ተይልኝ፣ ልጄ» አለ። «ሰው ዳኘው አበደ ይላል።»

ያቺም ይህች ናት፤ ጉማራን ተሻግሮ ጥቂት እንደ ነዳ፣ በዚያ በቆመ ሳይክል ላይ፣ ግራ እጁ ከመሪው ይላቀቅና ከዳሌው ኋላ ይወርዳል፤ ጣቱም የክፍሉን ወለል ይጠቁማል። ከኋላው ግድግዳው ላይ ያለችው የእንሶስላ ቀለም ያላት ሳይክል ናት። እስክታልፍ ድረስ እጁን አያነሣም።